የጥልጥልያው ጳጳስ በጣና ዳር

በዘይት ቀለም በሸራ ላይ ተሥሎና በፍሬም ታቅፎ በግድግዳ የሚሰቀለው ሥዕል ዛሬ በከተማ ቤቶች፣ በሆቴሎችና በማሳያ አዳራሾች በጣም ከመለመዱ የተነሣ፣ «ሥዕል» የሚለው ቃል ሲነገር አስቀድሞ ወደ ብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው እሱ ነው፤ ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት የሚሻገር ሰው በዚያ የሚያገኘው ሥዕል ፍሬም የለውም፣ ከተሠራበት ግድግዳም ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሄድ ታስቦ አልተሣለም። እነዚህ ሁለት የሥዕል ዓይነቶች እጅግ የተራራቁ ቢመስሉም፣ በስፔን ኢልዴፎንሶ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ደቅስዮስ ተብሎ የሚጠራ አንድ ጳጳስ በሁለቱም ዓለም ተሥሏል። ታሪኩ በስፔን በታላላቅ ሠዓልያን እጅ በዘይት ቀለም፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በብራና መጻሕፍት ላይ በአገር ቀለም ስለ ተሠራ፣ የዘይት ሥዕል ምን እንደ ሆነና የጣና ሥዕል ስለ ምን በሌላ መንገድ እንደ ተጓዘ ለማስረዳት ከዚህ ሰው የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢልዴፎንሶ ከ657 እስከ 667 በመካከለኛው ስፔን የምትገኘው የቶሌዶ ከተማ ሊቀ ጳጳስ የነበረና ስለ እመቤታችን ዘላለማዊ ድንግልና መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። እመቤታችን ስለዚህ አገልግሎቱ ተገልጻ የክህነት ልብስ እንደ ሰጠችው የሚናገረው ትውፊት በምዕራብ አውሮፓ ከተሰበሰቡት የማርያም ተአምራት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ምሥራቅ ተሻገረ፣ በዓረብኛም ተጻፈ፣ ከዚያም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ግድም፣ በአፄ ዳዊት ዘመን፣ ወደ ግእዝ ተመለሰ። የቶሌዶ ከተማ ስም በግእዙ ጥልጥልያ፣ የጳጳሱም ስም ደቅስዮስ የሆነው በዚህ ረጅም የትርጉም ጉዞ ውስጥ ነው። ተአምረ ማርያም የተባለው ይህ የግእዝ መጽሐፍ እንደሚተርከው ደቅስዮስ የእመቤታችንን ተአምራት በአንድ መጽሐፍ ሰበሰበ፤ እርሷም መጽሐፉን በእጇ ይዛ ታየችውና አመሰገነችው፤ የብሥራትን በዓል ከልደት አስቀድሞ እንዲከበር ባደረገ ጊዜ ደግሞ ከእርሱ በቀር ማንም የማይለብሰው ልብስና ማንም የማይቀመጥበት መንበር ሰጠችው፤ ከሞቱም በኋላ ልብሱን ደፍሮ የለበሰና በመንበሩ የተቀመጠ ሌላ ጳጳስ ወድቆ ሞተ።

የበዓሉ ቀን ራሱ የዚህን ጉዞ እውነተኛነት ይመሰክራል። በ656 በቶሌዶ የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ የብሥራት በዓል በፈረንጆች ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 18 ቀን እንዲውል ወስኖ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዓሉን ከደቅስዮስ ስም ጋር አያይዛ ታኅሣሥ 22 ቀን ታከብራለች። የኢትዮጵያ የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ሰባት ቀን ቀድሞ የሚውለው ታኅሣሥ 22 በዚያው አቆጣጠር ዲሴምበር 18 መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል፤ ስለዚህ ሁለቱ በዓላት በትክክል አንድ ቀን ናቸው። ከቶሌዶ እስከ ጣና ባለው መንገድ ስሞች ሁሉ ተለውጠው ሳለ ቀኑ አለመናወጡ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

በስፔን በኩል ይህን ታሪክ ከሣሉት መካከል ዲዬጎ ቬላስኬዝ (1599–1660) እና ባርቶሎሜ ኤስቴባን ሙሪዮ (1617–1682) ይገኙበታል። ሁለቱም የሴቪያ ከተማ ልጆች ናቸው። ቬላስኬዝ በ1623 ግድም በሠራው ሥዕል እመቤታችንና አብረዋት ያሉት ሴቶች በዘመኑ በሴቪያ ጎዳና ሊታዩ ይችሉ የነበሩ ተራ ሴቶችን ይመስላሉ፤ ጳጳሱም ጥቁር ለብሶ፣ ፊቱ ከስቶ፣ ልብሱን ሲቀበል ይታያል። ሙሪዮ በ1650ዎቹ የሣለውና ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ያለው ሥዕል ከሦስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው ነው፤ ጳጳሱ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ እመቤታችን አዙሯል፣ መላእክት ከብበዋል፣ በጠርዝ በኩል አንዲት አሮጊት ሻማ ይዛ ቆማለች። በሁለቱም ሥዕሎች ዋናው የጥበብ ኃይል ያለው በብርሃንና በጨለማ መዋሐድ ላይ ነው፤ ጥላው ወደ ብርሃን የሚሸጋገርበት ድንበር በዓይን አይያዝም።

ይህን እንዲህ ማድረግ የተቻለው በዘይቱ ምክንያት ነው። ማንኛውም ቀለም ሁለት ነገሮች አሉት፤ አንደኛው ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከዕፅ ወይም ከኬሚካል የሚገኘው ቀለም ሰጪ ዱቄት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዱቄቱን ከሚቀባበት ነገር ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ነው። የዘይት ቀለም ማያያዣ በአብዛኛው የተልባ ዘይት ነው። በጎጃምና በጎንደር የጾም ማዕድ ላይ ተልባ ፍትፍት ሆኖ የሚቀርበው ያው ተልባ በአውሮፓ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ከወርቅ የማይተናነስ ስፍራ አለው፤ ብዙ አንባቢ ይህን ሲሰማ መደነቁ አይቀርም። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥርና ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል። ይህ ቀናትን፣ ወፈር ብሎ ከተቀባም ወራትን ስለሚወስድ፣ ሠዓሊው ገና እርጥብ የሆነውን ቀለም ከሌላው ጋር ማዋሐድ፣ ማለስለስ፣ ያልወደደውንም ፍቆ እንደገና መጀመር ይችላል፤ ደግሞም በደረቀው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም ደራርቦ ሲቀባ ብርሃኑ ከውስጥ የሚፈልቅ ይመስላል። ቀለሙ የሚያርፍበት ሸራ ከተልባ እግር ወይም ከጥጥ ክር የተሠራ ጨርቅ ሲሆን፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ በሙጫና በነጭ መደብ ይሸፈናል። መደቡ የሚያስፈልገው ዘይቱ በቀጥታ ጨርቁን ከነካ እያደር ስለሚያበሰብሰው ነው።

ይህ ዘዴ በስፔን ዛሬም ሕያው ነው። በ1936 ቶሜዮሶ በተባለች ከተማ የተወለደው አንቶኒዮ ሎፔዝ ጋርሲያ፣ ግራን ቪያ የተባለውን የማድሪድ ዋና ጎዳና የሚያሳየውን ሥዕሉን ለመጨረስ ከ1974 እስከ 1981 ሰባት ዓመት ወስዷል፤ ጎዳናውን በማለዳው ብርሃን ብቻ ሊያየው ስለ ፈለገ፣ ያ ብርሃን በሚቆይባት አጭር ጊዜ ይሠራ፣ ብርሃኑ ሲለወጥ ያቆም ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ከሠዓሊው እጅ ከወጣ በኋላ ፍሬም ገብቶለት ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ፣ ከአገር ወደ አገር ይጓዛል። የፍሬሙም ተግባር ከጌጥነት ያልፋል፤ ጠርዙን ከጉዳት ይጠብቃል፣ ሥዕሉን ከሚሰቀልበት ግድግዳ ይለየዋል፣ በየትም ቦታ ቢሰቀል ራሱን የቻለ ነገር ሆኖ እንዲታይ ያደርገዋል። በአጭሩ ፍሬም የገባለት ሥዕል ቤት የለሽ ነው፤ ማንኛውም ግድግዳ ቤቱ ሊሆን ይችላል።

የጣና ሥዕል ግን ቤት አለው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኙት እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እንደ አዝዋ ማርያም ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በሦስት ይከፈላሉ፤ ከውጭ በኩል ዝማሬ የሚቀርብበት ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ሥጋ ወደሙ የሚሰጥበት ቅድስት፣ በመካከል ደግሞ ታቦቱ የሚያድርበትና ካህናት ብቻ የሚገቡበት መቅደስ አለ። የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ በአራቱም ማዕዘን ከወለል አንሥቶ እስከ ጣሪያው ድረስ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ ምእመኑ በቅድስት ውስጥ ሲዞር ሥዕሉን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል። ምንም እንኳ ከሩቅ ሲታይ በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣለ ቢመስልም፣ በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ አለ፤ ቀለሙ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። እንግዲህ የማድሪዱም ሆነ የዘጌው ሠዓሊ የሠራው በጨርቅ ላይ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ ጨርቁን በእንጨት ላይ ወጥሮ ነጻ ሲለቀው ሌላው ከግድግዳው ጋር ለዘለቄታው ማጋባቱ ነው።

ማያያዣውም የተለየ ነው። የኢትዮጵያ ሠዓልያን ቀለማቸውን የሚለውሱት ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ወይም በእንቁላል ሲሆን፣ ይህ ዓይነቱ በውኃ የሚቀጥን ቀለም በሥዕል ሙያ ቴምፔራ ይባላል። ቴምፔራ ቶሎ ስለሚደርቅ እርጥቡን ከእርጥቡ ጋር ማዋሐድ አይቻልም፤ ሠዓሊው ቀለሙን በየክፍሉ ጥርት አድርጎ ሞልቶ፣ በላዩ የልብሱን እጥፋትና የፊቱን ቅርጽ በመስመር ያወጣል። ስለዚህ በጣና ሥዕሎች ላይ የሚታዩት ጥቁር ዙሪያ መስመሮችና እንደ ዝናብ ትይዩ ሆነው የሚወርዱት የልብስ እጥፋቶች የችሎታ ማነስ ምልክት ተደርገው መታየታቸው ትልቅ ስሕተት ነው። መስመሩ የተወለደው ከማያያዣው ጠባይ ነው፤ ደግሞም በሮች ብቻ ብርሃን በሚያስገቡለት ቅድስት ውስጥ የዘይት ሥዕል ቢሰቀል ጨለማው ከክፍሉ ጨለማ ጋር ይቀላቀላል፣ ሽፋኑም የበሩን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። የቴምፔራ ገጽ ግን አያብረቀርቅም፤ ቀዩ ቀይ፣ ቢጫውም ቢጫ ሆኖ ከጨለማው ውስጥ ብቅ ይላል።

ደቅስዮስ በብራና ላይ ሲሣል በዚሁ ሕግ ይገዛል። በተአምረ ማርያም መጻሕፍት የስፔኑ ጳጳስ ብዙውን ጊዜ እንደ ኢትዮጵያ ካህን ለብሶ፣ ትልልቅ ዓይኖቹን ገልጦ ከእመቤታችን ልብሱን ሲቀበል ይታያል። በሙሪዮ ሸራ ላይ ጳጳሱ ለተመልካቹ በአመዛኙ ጎኑን መስጠቱ ትሕትናውን ያሳያል፤ ለኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ግን ከጎን የታየና አንድ ዓይን ብቻ ያለው ፊት የሰይጣን፣ የከሃዲና የክፉ ሰው መለያ ስለሆነ፣ ጻድቅን እንዲህ መሣል የማይታሰብ ነው። አንዱ ትሕትና ያለው ለሌላው ክሕደት ሆኖ ይነበባል፤ ሥዕልን ያለ ቋንቋው መመዘን የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከቦታ ወደ ቦታ የሚንቀሳቀስ ሥዕል በኢትዮጵያ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በጣና ደሴት ባለው በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሣለውና ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል ይገኛል፤ ሠዓልያን አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን በማይጽፉበት አገር ይህ ታላቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ የሰሌዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሚሠሩት የአንዱን ሳንቃ መካከል በጥቂቱ ጎድጎድ አድርጎ በመጥረብ፣ ዙሪያውን ከፍ ብሎ እንዲቀር በመተው ነው፤ ስለዚህ ፍሬሙ በኋላ የሚጨመር ዕቃ ሳይሆን ከሰሌዳው ጋር አንድ አካል ነው። ባለ ሦስት ገጽ የሆኑት ደግሞ እንደ መስኮት የሚዘጉ ክንፎች አሏቸው። የአውሮፓው ፍሬም ሥዕሉን ዘወትር ለዓይን ክፍት አድርጎ ሲያቀርብ፣ የኢትዮጵያው ክንፍና መጋረጃ ሥዕሉን ሸፍኖ ለጸሎት ሰዓት ያቆየዋል።

ከአውሮፓ የመጡ ሠዓልያንና ሥዕሎች ወደዚህ ዓለም የገቡት በብዙ አቅጣጫ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በዚያው የኖረው የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዮን፣ በኢትዮጵያዊ ስሙ መርቆሬዎስ፣ ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ ስለ ሣለ ቁጣ እንደ ተነሣበት ይነገራል፤ ቀኝ የክብር፣ ግራ የውርደት ተደርጎ በሚታይበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ሥዕል መጣ። የስፔን ተወላጅና ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር አለቃ የሆነው ፍራንሲስኮ ዴ ቦርሃ በ1569 በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን፣ ቅዱስ ሉቃስ ሣለው የሚባለውን የእመቤታችንን ሥዕል ለማስቀዳት ከሊቀ ጳጳሱ ፈቃድ አግኝቶ፣ ቅጂዎቹ ወደ ዓለም ዙሪያ ወደ ተበተኑት ሚስዮናውያን እንዲላኩ አደረገ። በዚያ ሥዕል እመቤታችን ሁለት እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ይህ ሥዕል በኢትዮጵያ ምስለ ፍቁር ወልዳ ተብሎ የሚታወቀውን፣ እናትን ከልጇ ጋር የሚያሳየውን ሥዕል መልክ እስከ ዛሬ ወስኖታል። በብራንካሌዮን ጊዜ ያስቆጣው ግራ ክንድ ከዚህ በኋላ መደበኛ ሆነ።

በዚያን ዘመን ሌላው ስፔናዊ፣ ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በጣና ዳር ይኖር ነበር። ፓኤዝ በ1564 በማድሪድ አቅራቢያ ተወለደ፣ በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፣ አማርኛና ግእዝ ተማረ፣ በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽ ዓባይ ደረሰ፣ በ1622 በጎርጎራ ሞተ፤ በባሕር ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያለውም የድንጋይ ግንብ የእርሱ ሥራ እንደ ሆነ ይነገራል። የተወለደባት መንደር በዘመኑ በቶሌዶ ሀገረ ስብከት ሥር ስለ ነበረች፣ ፓኤዝ የኢልዴፎንሶ ሀገረ ስብከት ልጅ ነበር፤ የአገሩ ጳጳስ ግን እሱ ከመምጣቱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በግእዝ ይነበብ ጀምሯል። አፄ ፋሲለደስ በ1632 ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ፣ ትምህርታቸውም ተወገዘ፣ ሥዕሎቻቸው ግን አልተወገዱም። የማዮርካ ደሴት ተወላጅ የሆነው ኢየሱሳዊ ሄሮኒሞ ናዳል ያዘጋጀውና ከሞቱ በኋላ በ1593 በአንትወርፕ የታተመው፣ የወንጌልን ታሪክ በመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች የሚያሳየው መጽሐፍ በራሳቸው በፋሲለደስ ቤተ መንግሥት በሠዓልያን ዘንድ ተወዳጅ እንደ ነበረ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር ክሌር ቦስ ቲዬሴ አሳይታለች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመዳብ ቅርጽ ኅትመት በወረቀት ላይ በጥቁር መስመር የሚታተም በመሆኑ ቀለም የለውም፣ ዘይትም የለውም፤ ለኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የደረሰው መስመር ብቻ ነው፣ መስመር ደግሞ አስቀድሞ የራሱ ሀብት ነበር። የማንን አቀማመጥ እንደሚወስድ፣ የትኛውን ሰው እንደሚያስቀር፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሞላበት የወሰነው እሱ ራሱ ነው። የአውሮፓ ሥዕል ወደ ጣና በዘይት ሸራ ብዛት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሠዓሊውን ወደ ቀጂነት ይገፋው ነበር፤ በወረቀት መምጣቱ ግን ነጻነቱን አተረፈለት። የመጀመሪያው የጎንደር ዘይቤ የሚባለው፣ ብሩህ ቀለምና ጠፍጣፋ መደብ ያለው አሣሣል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የበሰለ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎንደር ዘይቤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፊትን በጥላ ማክበድና መደቡን ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ማሸጋገር ጀመረ። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች፣ በ1738 ግድም የተሠሩት፣ የዚህ ዘይቤ ከፍተኛ ምሳሌ ናቸው፤ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ጥላው የመጣው ዘይት ሳይገባ፣ በቴምፔራ፣ ቀለምን በቀለም ላይ በትዕግሥት በመደረብ ነው።

የዘይት ቀለምን በአውሮፓ ትምህርት ቤት ገብቶ ለመማር ከቀደሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ የጣና ዳር ልጅ መሆኑ የሚያስደስት ነው። በ1868 በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥዕል እንዲማር ወደ ጣሊያን ተልኮ በቱሪን በአልበርቲና አካዳሚ ገብቷል፤ አንባቢ ይበልጥ የሚያስታውሰው ግን በ1908 በሮም ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ አለ ፈለገ ሰላም በ1957/58 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና እንደ አፈወርቅ ተክሌና ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያሉ ሠዓልያን የዘይት ሸራን የኢትዮጵያ ሥዕል አካል አደረጉት።

የሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት በጥገናም ይታያል፤ የዘይት ሸራ ሲቆሽሽ ወይም ሲሰነጠቅ ከፍሬሙ ወጥቶ ወደ ባለሙያ የሥራ ክፍል ይወሰዳል። የዘጌው ጨርቅ ወደ የትም ሊወሰድ አይችልም፤ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ በውኃ የተለወሰውን ቀለም ያጥበዋል፣ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ ምስጡም ከኋላ ጭቃውን ይበላል፤ ጨርቁ ከግድግዳው ሲለይ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠልና በራሱ ክብደት ይቀደዳል። በዚህ ምክንያት የጣና ሥዕል ጥገና ብሩሽ ከመያዝ አስቀድሞ የሚጀምረው ከክረምት በፊት ጣሪያ ላይ በሚወጣው ሰው፣ የውኃውን መውረጃ በሚቆፍረውና ግድግዳውን በሚመርገው ሰው ነው፤ ለሥዕል ጥበቃ የሚመደብ ገንዘብም ከሁሉ አስቀድሞ ለሳር፣ ለቆርቆሮና ለጭቃ ሊውል ይገባዋል።